ለሁለት ሰው የተያዘች ክፍል

ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት የማይከብዳችሁ ከሆነ የታደላችሁ ናችሁና ይህን ባታነቡትም ብዙ አይቀርባችሁም። እኔ የምጽፈው እንደኔ ላለው ነው፤ ሆዱ «አልፈልግም» እያለ አፉ «ኧረ ምን ገዶኝ» ለሚለው። በይሉኝታ ጠግቤ ሁለተኛ እራት በልቻለሁ። በይሉኝታ ስሙን በቅጡ ለማላውቀው ሰው ሚዜ ሆኛለሁ። ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ጾም በሌለበት ወቅት የገጠመኝ ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል።

መስፍን እባላለሁ፤ የምኖረው ኦክላንድ ነው። ሥራዬ ሹፌርነት ሲሆን አቅመ ደካሞችን ከቤታቸው ወደ ሐኪም ቀጠሯቸው አድርሼ እመልሳለሁ። ባለቤቴ ትዕግስት ደግሞ አላሜዳ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አስታማሚ ናት። ከተጋባን ሃያ ዓመት አልፎናል። በነዚህ ዓመታት ከቤት ወጥተን አላደርንም አልልም፤ ሲያትል ለሰርግ፣ ዳላስ ለለቅሶ፣ ሎስ አንጀለስ ለክርስትና ሄደናል። ታዲያ ሁልጊዜ ወይ ሰው ቤት ፍራሽ ላይ ነው፣ ወይ ከአክስቷ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጣበን ነው። ለራሳችን ብለን፣ ሁለታችን ብቻ፣ የትም ሄደን አናውቅም። ይህ ጉድለት መሆኑም ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ልጃችን ቤዛ ሥራ ይዛ ሳንሆዜ ስትገባ ቤቱ ጭር አለ። ጭርታው በተለይ እራት ላይ ይታወቀኝ ጀመር። ስለ መኪና ኢንሹራንስ እናወራለን፤ የቆሻሻ መኪናው የሚመጣው ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ እንባባላለን፤ ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን ነው። አንድ ማታ ትዕግስት ሪሞቱን አንሥታ አጠፋችው።

«መስፍን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ።»

«አንድ ዊኬንድ የሆነ ቦታ ይዘኸኝ ሂድ። ሰርግ የሌለበት፣ ለቅሶ የሌለበት። ሁለታችን ብቻ።»

«እሺ» አልኩ፤ እንደ ልማዴ ወዲያው።

«ቆይ፣ እሺ ከማለትህ በፊት ስማኝ» አለች። «ሁለታችን ብቻ ነው ያልኩህ። ሰው ይዘህ ከመጣህ አልቆጣህም፣ አላኮርፍህም። ምግቡንም አቀርባለሁ። ግን ሁለተኛ አልጠይቅህም።»

ሚስቴን አውቃታለሁ። ስትጮህ አትፈራም፤ የምትፈራው ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው። ያን ማታ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

ቦታውን የመረጠችልን ቤዛ ናት። ስደውልላት መጀመሪያ አላመነችም።

«ዌይት፣ ዳዲ። ጀስት ዩ ኤንድ ማሚ?»

«አዎ፣ እኛ ብቻ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ፋይናሊ» ብላ እዚያው ስልክ ላይ እያለን መፈለግ ጀመረች። ከሶኖማ የወይን እርሻዎች ወዲያ፣ ውቅያኖሱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ መንገድና ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሏት መንደር አገኘችልን። ከክፍሉ ሆኖ ባሕሩ ይታያል፤ በመንገዳችን ላይ ወይን የሚቀመስበት ቤት አለ። «ኢት ሃዝ ዋን ቤድ፣ ዳዲ። ኢትስ ፎር ቱ ፒፕል» አለችኝ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን በደንብ እንዲገባኝ ፈልጋ ነው መሰል ቃል በቃል እየፈለገች በአማርኛ ጨመረችልኝ፤ «ማንንም... እንዳታመጣ።» የወለድኳት ልጅ እንኳ አውቃኛለች።

አሁን ጋሽ አበራን ላስተዋውቃችሁ። ከናይሮቢ የስደተኛ ወረቀቴን ይዤ ኦክላንድ ስገባ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ከዓመት በላይ ተኝቻለሁ። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በሰርጌ ቀንም በአባቴ ቦታ ቆመውልኛል። ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘውዴ ጋር ሪችመንድ ይኖራሉ። በዚያ ሰሞን የእትዬ ዘውዴ ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ተገናኘን። ሰላምታው አልቆ ልንለያይ ስንል ጋሽ አበራ፣

«የፊታችን ቅዳሜ ቤት ናችሁ? እንግዳችንን ይዘን ብቅ ልንል ነበር» አሉ።

«ቅዳሜ እንኳ የለንም ጋሼ። ወደ ሶኖማ ማዶ፣ ውቅያኖሱ ዳር ሄደን ልናድር ነው» አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። እኔ ግን ቀጠልኩ፤ «ምናለ አብረን ብንሄድ?»

አገር ቤት ምሳ እየበላህ ሰው ከደረሰብህ «እንብላ» ትላለህ። ሰውየውም «ይባርክ፣ አሁን ነው የበላሁት» ይልሃል። ሁለታችሁም የጨዋ ልጅ ግዴታችሁን ተወጥታችሁ ትለያያላችሁ። የእኔም ጥሪ እንደዚያው «እንብላ» ነበር። ጋሽ አበራም ወጉን አልሳቱም፤ «ኧረ እናንተ ሂዱ፣ ተዝናኑ» አሉኝ። ነገሩ በሰላም አልቆ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ግን ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ «ውቅያኖሱ ቅርብ ነው እንዴ? እኔ እንደሆን ከአውሮፕላን መስኮት ነው ያየሁት» አሉ። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታ አልችልም፤ ዝምታውን ሁሉም ሰው እኔን የሚጠብቅበት አድርጌ ነው የማየው።

«በሞቴ!» አልኩ። «መኪናው ሰባት ሰው ይይዛል፣ ሪችመንድም መንገዳችን ላይ ነው። በሞቴ ትሄዳላችሁ።»

ሰው በራሱ ሞት ከለመነ በኋላ እምቢ የሚል ማን አለ? «በሞትህማ ከለመንከን ምን እንላለን» አሉ ጋሽ አበራ፤ ፊታቸው ሁሉ በርቶ።

ትዕግስት «ደስ ይለናል» አለች። መኪና ውስጥ ገብተን ቀይ መብራት ሲይዘን ወደ እኔ ዞረች።

«ክፍሉ ስንት አልጋ ነው ያለው?»

«አንድ።»

«እሺ» አለች። በዚያው ጉዳዩን ዘጋችው። ብትቆጣኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ሰኞ ጋሽ አበራ ደወሉ፤ ግሪሉንም ከሰሉንም እሳቸው ይይዛሉ። ማክሰኞ ደወሉ፤ ሥጋውን ከየት እንግዛ? ረቡዕ ደግሞ ደወሉ። «ማደሪያውን አንተው ቡክ አድርግልን፤ ካልተገኘም ግድ የለም፣ ወለል ላይ ጣል ጣል እንላለን። እኛ መቼ ለወለል አዲስ ሆንን?» እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስልኩን ስዘጋ ያልበኛል።

ቤዛ ጋ ደወልኩ። ስሰማት ፊቷን በእጇ የሸፈነች መሰለኝ።

«ዳዲ፣ ጀስት ቴል ዴም ኖ።»

«እንዴት ብዬ?»

«ኖ። ኢትስ ዋን ዎርድ።»

ለእሷ አንድ ቃል ነው። ለእኔ ግን ያ ሶፋ ነው፣ ያ መንጃ ፈቃድ ነው፣ ያ የሰርግ ቀን ነው። የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ልባል? ይህን ለልጄ ማስረዳት አቃተኝ።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ቆረጥኩ። ለትዕግስት ደውዬ ነገርኳትና ፊት ለፊት ልነግራቸው ወደ ሪችመንድ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እያወራሁ ተለማመድኩ፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው...» ገና በሩን ሳንኳኳ የዶሮ ወጥ ሽታ ተቀበለኝ። እትዬ ዘውዴ ጎትተው አስቀመጡኝ። ወይዘሮ አስካለ ለባሕሩ ንፋስ ብለው የገዙትን ሰማያዊ ጃኬት ለብሰው አሳዩኝ። «ያምርብኛል?» አሉኝ። «በጣም» አልኩ። እውነትም ያምርባቸው ነበር። ዕንቁላሉ ለእኔ ወጣልኝ፤ በላሁ፤ ተጎርሼም በላሁ። ልወጣ ስነሣ ጋሽ አበራ እስከ መኪናዬ ሸኙኝ።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንጠብቅህ?»

ጊዜው አሁን ነው አልኩ በሆዴ። አፌ ግን «ሦስት ሰዓት ላይ» አለ።

ቤት ስገባ ትዕግስት «ነገርካቸው?» አለችኝ።

«ዶሮ ሠርተው ጠበቁኝ።»

ወደ ጓዳ ገባችና የጉዞውን ዕቃ ማዘጋጀት ጀመረች። ስከተላት ሰሃን እያወጣች ነው፤ ለአምስት ሰው። ትርፍ የአልጋ ልብስም እያጣጠፈች ደረበች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ምግቡንም አቀርባለሁ ብላ የለ? ቃሏን እየጠበቀች ነበር። እኔ ቆሜ አየኋትና፣ ወዳጆቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ እንዳይቀየመኝ ስል በቤቴ ያለችውን አንዲት ሰው እያጣኋት መሆኑ ያን ጊዜ ታየኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጭነን ተነሣን። ወደ ሪችመንድ ድልድይ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ያዝን። ቀጥ ብለህ ከነዳህ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ሶኖማ ትሄዳለህ፤ በቀኝ ከወጣህ የጋሽ አበራ ሰፈር ነው። መውጫው ሲቃረብ ትዕግስት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለአፍታ ዝም ብዬ ባልፍስ ብዬ አስቤያለሁ፤ ስልኬን አጥፍቼ። ግን በር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ አረጋውያንን ጥሎ መሄድ ጽናት ሳይሆን ክፋት ነው። በቀኝ ወጣሁ። ትዕግስት ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ሦስቱም ደጃፋቸው ላይ ናቸው። ጋሽ አበራ ሰፊ ባርኔጣ አድርገዋል። ግሪሉ፣ ተጣጣፊ ወንበሮቹ፣ የምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥኑ ተደርድረዋል። ወይዘሮ አስካለ ሰማያዊውን ጃኬት እስከ አገጫቸው ቆልፈውታል። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ትንሽ ጠብቂኝ» አልኳት ትዕግስትን። መስኮቷ ክፍት ነበር።

«ሰዓት አክባሪ!» አሉ ጋሽ አበራ። «በል የኋላውን ክፈትልን።»

«ጋሼ፣ አልከፍተውም።»

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም።» ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። «ዛሬ ይዣችሁ አልሄድም ጋሼ። ትዕግስት ሁለታችን ብቻ እንድንሄድ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ነኝ በሞቴ ያልኳችሁ። ጥፋቱ የእሷም የእናንተም አይደለም፤ የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ አበራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቆጣ ቢሉ ይቀለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀስ ብለው ነው የጠየቁኝ።

«ሐሙስ ዕለት ዶሮዬን ስትበላ ይሄ አፍህ የት ነበር?»

«አብሮኝ ነበር። ፈርቼ ነው።»

«እኔን? እኔን ነው የፈራኸኝ?»

«እንዳይቀየሙኝ ነው የፈራሁት።»

«እንግዲያው ተቀይሜሃለሁ» አሉና ግሪሉን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። በሩን አላላተሙትም። ብቻ ተመልሰው አልወጡም።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ወይዘሮ አስካለን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን የጃኬታቸውን ዚፕ ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ባሕሩ እስከ ሳምንት ይደርቃል እንዴ?» አሉኝ።

«አይደርቅም እማማ።»

«እንግዲያው ሂዱ። ሚስትህን ፀሐይ ላይ አታቆያት።»

«የሚመጣው ቅዳሜ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ይሄ ለአፌ ያህል ያልኩት አይደለም።»

«ይታያላ» አሉ። እትዬ ዘውዴ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ሳህን አውጥተው በመስኮቱ ለትዕግስት አቀበሏት። ቋንጣ ፍርፍር ነበር። ጉንጯን ዳበስ አድርገው ገቡ።

ድልድዩ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ትዕግስት የፍጥነት መለኪያውን አየችው።

«በጣም በዝግታ እየነዳህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ልንዳልህ?»

«አይ፣ እኔ እነዳለሁ።»

«ዛሬስ አፍህ ተፈታልህ» ብላ ሳቀች። ሳቋን ስሰማ እንባ መጣብኝ፤ መንገዱ እስኪጠራልኝ ዓይኔን ደጋግሜ አርገበገብኩ።

ወይን የሚቀመስበት ቤት ደረስን። አንዲት ወጣት ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ እየቀዳች ፊታችን ትደረድራለች። ጎናችን ያሉት ሰዎች ወይኑን አፋቸው ውስጥ አንከባልለው አንድ ዕቃ ውስጥ ይተፉታል። የቀረበልህን መትፋት! የቀዳችው ልጅ ምን ትለኛለች ብዬ እያንዳንዷን ዋጥኩ። አራተኛው ላይ ትዕግስት የመኪናውን ቁልፍ ከኪሴ አወጣች።

«በቃኝ ማለት አታውቅም?»

ወጣቷ ጠርሙሱን ስታዘነብል ብርጭቆዬን በመዳፌ ከደንኩት። «በቃኝ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። «ሹር፣ ኖ ፕሮብሌም» ብላ አለፈች። ያ ብቻ! ሰማይ አልተደፋም።

መንደሯ ስንደርስ ጉም ወርዶ ባሕሩን ሸፍኖታል። ይታያል የተባለው ውቅያኖስ ድምፁ ብቻ ነው ያለው። የክፍሏ በረንዳ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ደርበን የእትዬ ዘውዴን ፍርፍር በላን። መጀመሪያ ምን እንደምናወራ ጠፍቶን ነበር። የአዲስ ሙሽሮች ዓይነት እፍረት ያዘን። ቆይቶ ትዕግስት ሳህኑን አስቀመጠች።

«ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ። ኮሌጁ ተቀብሎኛል። ሥራዬን በግማሽ መቀነስ አለብኝ፤ ማታም ክላስ ይኖረኛል። መልስ መስጠት ያለብኝ በዚህ ሳምንት ነው።»

ደነገጥኩ። «እንዲህ ያለ ነገር እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ እሺ ትለኛለህ።»

«ታዲያ እሺ ብልሽ ምን ክፋት አለው?»

«መስፍን፣ አንተ ለሁሉም ሰው እሺ ትላለህ። ለጋሽ አበራም፣ ለጎረቤትም፣ ስልክ ደውሎ ዕቃ ለሚሸጥልህም። የእኔ እሺ ከእነሱ በምን እንደሚለይ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እሺ ብለኸኝ በሆድህ አዝነህ ብትኖርስ? እዚህ ይዤህ ልመጣ የፈለግሁት ማንም ሳይሰማን ዓይንህን እያየሁ ልጠይቅህ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን አልከፍተውም ስትል ሰማሁህ። አሁን ብትመልስልኝ አምንሃለሁ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሚስቴን እሺ በማለት ያስደሰትኳት ይመስለኝ ነበር። ለካ እምቢ የማይል ሰው እሺታው የሚታመን አይደለም። ልቤ ተሰበረ ብላችሁ አልዋሽም፤ ግን ከዚያ ቀን በፊት ማንም እንዲህ ያለ እውነት ነግሮኝ አያውቅም።

ወዲያው አልመለስኩላትም። ጉሙን እያየሁ ሆዴ ውስጥ ያለውን ፈለግሁት።

«ብቻዬን እራት መብላት አልወድም» አልኳት በመጨረሻ። «ኦቨርታይም መጨመርም ደክሞኛል። የመጀመሪያው ዓመት እንደሚከብደን አውቃለሁ፤ እፈራለሁም። አንዳንድ ቀን እነጫነጫለሁ።»

«እህ።»

«ግን ተማሪ። ከልቤ ነው።»

ትዕግስት ብርድ ልብሱን እስከ ፊቷ ሳበችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እዚያ በረንዳ ላይ ጉሙ ተገፎ ውቅያኖሱ እስኪገለጥ ተቀምጠን አወራን፤ ገና ሳንጋባ እንኳ እንዲያ አውርተን አናውቅም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቃሌን ጠበቅሁ። ሁሉንም ጭኜ ሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ወዳለው ውቅያኖስ ወሰድኳቸው። ወይዘሮ አስካለ ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካው እንደ ሕፃን ሳቁ። ጋሽ አበራ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው መጥተው እዚያ ስንደርስ ወንበራቸውን ከእኔ አጠገብ ዘረጉ።

«አሁንም ትንሽ ቅያሜ ቀርቶኛል» አሉኝ።

«ይሁን ጋሼ። ሲያልቅ ይነግሩኛል።»

ሳቃቸው አመለጣቸው።

ይሉኝታ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ጋሽ አበራ ይሉኝታ ባይኖራቸው ያን ሶፋ ማን ይሰጠኝ ነበር? እኔ የምላችሁ ሌላ ነው፦ ለሁሉም የምትበትኑት እሺታ እቤታችሁ ላለው ሰው ሲደርስ ጣዕሙን ያጣል። እምቢ ስትሉ የሚቀየማችሁ ይኖራል፤ የእኔም ተቀይሟል። ከቅያሜው ግን አልሞትኩም፣ እሳቸውም አልሞቱም።

ትዕግስት አሁን ሁለተኛ ሴሚስተሯን ይዛለች። ባለፈው እሑድ መጽሐፎቿ መሐል ተቀምጣ፣ «መስፍን፣ ሻይ አፍላልኝ» አለችኝ።

«አሁን አልችልም፣ ኳስ እያየሁ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ደስ ብሏት ሳቀች። ሻዩን ኳሱ ሲያልቅ አፈላሁላት።